ከጅዳ የላክኸው መረብ

ውድ ወንድሜ ጆቴ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ያለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ያ የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም ባንተ ነው።

መረብ ላክ ብሎ ማን ለመነህ? ለአባባ የላክኸው መረብ ዓይኑ ጠባብ፣ ጣት እንኳ የማያሳልፍ! እንዲህ ያለው እዚህ ክልክል መሆኑን አጥተኸው ነው? እዚሁ ሐይቅ ዳር ያደግህ ሰውዬ!

ሥራዬን ነግሬሃለሁ። ለመራባት ወደ ዳር የሚወጣው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ምን ያህል እንደሆነ እንገምታለን። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ሐይቁ ዳር ባለው ፊላ ሣር ውስጥ ስትጠለል እንይዛትና ክንፏን በትንሹ ቆርጠን እንለቃታለን። በኋላ አስጋሪዎች ከሚያወጡት ዓሣ መሀል ምልክታችን ያለበት ከበዛ ሐይቁ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ ምልክታችን ከጠፋ ደግሞ ዓሣው ብዙ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ ምልክቱ ጠፋ። አለቃችን ሐይቁ ሞልቷል፣ በመራቢያ ወቅት ማስገር መከልከል አያስፈልግም ብሎ ሊጽፍ ነበር። እኔ ሞኟም አብሬው ደስ አለኝ።

ለካ ዓሣው እኛው ጓሮ ነው! ቅዳሜ ድመቷ አጥንት ስትጎትት አየኋት፤ ክንፉ ላይ የገዛ እጄ ምልክት! የቆፈረችውን ጉድጓድ ባየው የዓሣ አጥንት ሞልቶበታል። አባባ ባንተ መረብ ፊላውን ሲጠርጉ ከርመዋል። ሌላውን እየሸጡ ምልክት ያለውን ግን ቤት አምጥተው፣ ሥጋውን ገፈው አጥንቱን ይቀብራሉ። ለምን ስላቸው፣ ልጄ የላከልኝን መረብ ሰቅዬ ልተወው ወይ፣ የደበቅሁትም አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ ነው አሉኝ። አይ አባባ! ምን ልበላቸው? አልቅሼ ሲወጣልኝ ሄጄ ሁሉንም ለአለቃዬ ነገርኩት። ግምቱ ተሰርዟል፣ ዓሣው እስኪራባ ድረስም ዳሩ ላይ ማስገር ተከልክሏል። መረቡን በመቀስ ቆራርጬዋለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አባባ አኩርፈውኛል፤ እኔ ያቀረብኩትን አይበሉም። ያ ሐይቅ ባዶ ሲቀር ምን ሊበሉ ነው?

እማዬ ሳሚልኝ፣ ቶሎ ቶሎ ይደውል በይው ብላለች። ታናሿ እህታችን ሚልካ ፈተናዋን አልፋለች፤ ጫማዬስ ትላለች። አባባም ፊታቸውን ከእኔ አዙረው ሰላም ብለውሃል፤ ሌላ መረብ ይላክልኝ በይው አሉ። ብትልክ ወንድም አለኝ አልልም።

እህትህ ጉዲቱ
ባቱ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.