በቅሎ ሰሌዳ የላትም

ሰኔ 12
አሁንም አበላሸሁ። ቀደድኩት። እንደገና ጀመርኩ። ማስታወሻዬ፣ ይህ አዲሱ የጭነት ሰነድ ሰው ለማናደድ ብቻ የተሠራ ነው። ሁሉም ነገር ሳጥን። ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን፣ ለአንድ አኃዝ አንድ ሳጥን። ከአ.አ. የተላከልን ተቆጣጣሪ ጓድ ታደለ እንደሚለው፣ አንድ ቦታ ባዶ ከቀረ ዋናው መ/ቤት ያለው ኮምፒዩተር ሰነዱን ይጥለዋል። ኮምፒዩተሩን አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። በመስታወት በኩል አይቶታል።

በድሮው ሰነድ «ያጓጓዘው» ከሚለው ፊት፣ መኪናም ሆነ በቅሎ፣ እውነቱን መጻፍ ይበቃ ነበር። ከመጋዘን የወጣውን ማዳበሪያ ስመዘግብ የኖርኩት እንደዚያ ነው። ማንም አልሞተም።

ሰኔ 15
ኦቦ ጉርሜሳ በቅሎዎቻቸውን ይዘው ከካቺሲ መጡ። የገበሬ ማኅበራቸውን ማዳበሪያ ሊወስዱ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ስለሚቆረጥ ሁሌም በበቅሎ ነው የሚሄደው።

ታደለ ከለከለ። «የመኪና ሰሌዳ ቁጥር» የሚሉት ስድስት ሳጥኖች በምን ይሞሉ? በቅሎ ሰሌዳ የላትም አልኩት። እንግዲያው ማጓጓዣ አይደለችም አለኝ። ደግሞ አልሳቀም። ይህን ሰው ምን ትለዋለህ?

ለሽማግሌው የማስረዳው እኔ ሆንኩ። አፈርኩ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙኝ።

«አዴ አልማዝ፣ መኪና የሚገባው መስከረም ነው። ጤፍ የምንዘራው ሐምሌ ነው። ይሄን ማሽኑ አያውቅም?»

አያውቅም አልኳቸው።

ሰኔ 16
ዝናብ። በቅሎዎቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ይረጥባሉ። ጓድ ታደለን ያሳሰበው በቢሮው ደጃፍ ያለው ፋንድያ ነው! አ.አ. ደወልኩ። መመሪያ እስኪመጣ ጠብቁ። መቼ ይመጣል? ሲመጣ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው አቶ ሸምሱ ነው። እንዲከፍት ለመንኩት። ሰነድ ላይ የታደለን ፊርማ ካላየ አይከፍትም፤ የልጆች አባት ነው። ልክ ነው። ቢሆንም ዛሬ እሱንም ጠላሁት።

ሰኔ 17፣ ከምሳ በኋላ
አደረግኩት። ታደለ ሰነድ አያነብም፤ ሳጥን ብቻ ነው የሚያየው። በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካካ ይወርዳል፣ ሁሉም ከሞላ ይፈርማል። ስለዚህ ስድስቱን ሳጥን በራሱ ላንድሮቨር ሰሌዳ ሞላኋቸው። መኪናዋ ከፊቱ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። ነካካ፣ ነካካ፣ ፈረመ። ጎበዝ አለኝ።

ሸምሱ ከፈተ። በቅሎዎቹ የሚችሉትን ያህል ጫኑ። ግማሹ ቀረ፤ ኦቦ ጉርሜሳ ተመልሰው ይወስዱታል። ሲመርቁኝ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ሰኔ 26
ደስታዬ ይድፋኝ!

ሽማግሌው ለቀሪው መጡ። በቅሎዎቹ ከስተዋል፣ አንዷ ታነክሳለች። ሰነድ ላዘጋጅ ስል ታደለ ስልክ አንስቶ ቆሟል፣ ፊቱ በርቷል። ኮምፒዩተሩ ሰነዳችንን ተቀብሎታል። ከዚህም አልፎ አስቧል፦ በዚህ ወር ካቺሲ መኪና ገብቷል፤ ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ከእንግዲህ በቅሎ ክልክል ነው። ቀሪው በመኪና ተራ ይጠብቅ። ተራው መስከረም።

መንገዱ ተቆርጧል ብዬ ጮህኩ። ታደለ የሰነዱን ግልባጭ አውጥቶ አሳየኝ። ሰሌዳው ይኸው፣ ፊርማው ይኸው። የራሱን መኪና ቁጥር እያየ አላወቀውም። ይህን ያህል ነው የሚያነበው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እንጀራዬ ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት። ዛሬ ከሁሉም በላይ የጠላሁት ራሴን ነው።

ኦቦ ጉርሜሳ ኮርቻውን አልፈቱም። መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ።

ሰኔ 27፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ታደለ እስከ ሦስት ሰዓት አይመጣም።

ለሸምሱ እውነቱን ነገርኩት። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አንቃጨለ። ከዚያ፣ የማን ፊርማ ነው የማየው አለኝ። የኔ ብቻ አልኩት። ያንቺን አውቀዋለሁ አለ።

ለአ.አ. የእርማት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፦ የሰኔ 17ቱ ሰሌዳ ሐሰት ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ካቺሲ መኪና አልገባም። ታደለ ሲመጣ በእጁ እሰጠዋለሁ። የሚመጣው ይምጣ። ቢያባርሩኝም ጤፉ ይዘራል።

አሁን አዲሱ ሰነድ ፊቴ ነው። ማኅበር፣ ቀን፣ ዓይነት፣ ክብደት፣ ሁሉንም ሞላሁ። የቀሩት የሰሌዳው ስድስት ሳጥኖች ናቸው። በ። ቅ። ሎ። ሦስት ሳጥን በቃት። ሦስቱን ባዶ እተዋቸዋለሁ።