በፊርማዎ ስለጸደቁት ሰባት የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች

ለተከበሩ የከተማችን የስፖርትና የመዝናኛ ስፍራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እግርዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ እግር እምቢ ሲል ከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ በገዛ ቤቴ አይቻለሁና። እኔ በእርስዎ አስተዳደር ጥላ ሥር በርና መስኮት እየበየድሁ የምኖር ሰው ነኝ። ጽሕፈት ሙያዬ ስላልሆነ ቃሌ ሸካራ ቢሆንብዎ ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ነርስ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ከሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ከወገቧ በታች ያለው አካሏ አልታዘዝ አላት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ከክፍሏ አልወጣችም፤ መጋረጃው እንዲገለጥ እንኳ አትፈቅድም ነበር። እናታችን በሩ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ፀሐይ ወጥታለች እኮ» ስትላት፣ «ለሚሄድባት ትውጣ» ትላት ነበር።

ከዚያ ክፍል ያወጣት መድኃኒትም ምክርም አይደለም። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከአንገታቸው በማይለየው ነገር የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ፊሽካ የሚላቸው ሰው፣ በዊልቸር የሚጫወቱ ሴቶችን ቡድን ሊያቋቁሙ አስበው አንድ ቀን ቤታችን መጡና ከመስኮቷ ሥር ኳስ ያነጥሩ ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል እንዳነጠሩ እህቴ ከውስጥ «ኧረ ማነው ራሴን የሚያዞረው?» ብላ ጮኸች። እሳቸውም «እንግዲያ ነይና ኳሱን ቀሚኝ!» አሏት።

በሳምንቱ ጎማው ወደ ውስጥ ዘመም ያለ የጨዋታ ዊልቸር ከቱቦላሬ ብረት ሠራሁላት። በወሩ ደግሞ መዳፏ ላይ ውኃ የቋጠረውን ቁስል ለእናታችን እያሳየች ስትስቅ ሰማኋት። ክቡር ሆይ፣ ያቺን ሳቅ ልብ ይበሉልኝ፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እርሷ ናትና። እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን አንድ ላይ ለውሼ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እህቴን ጨምሮ ስድስቱ የቡድኑ ልጆች ይለማመዱበት የነበረውን፣ ከሰፈራችን አዳራሽ ጀርባ ያለውን ሜዳ ስላሳደሱልን እናመሰግናለን። እድሳቱ ሁለቱን ቅርጫቶች ከሥራቸው ቆርጦ በመውሰድ ተጀምሮ፣ «በሦስት ወር ውስጥ ዘመናዊ ሜዳ» የሚል ሰሌዳ በመትከል ተጠናቀቀ። ሦስቱ ወር አሥራ አንድ ወር ሆኗል። ዛሬ በሜዳው ላይ የመሥሪያ ቤትዎ መኪኖች ያርፋሉ። ደልዳላ መሬት ለባለ ጎማ ሁሉ እንደሚመች እናውቃለን፤ ከባለ ጎማዎቹ መካከል ሞተር ላላቸው ማድላትዎ ግን እኛን ትንሽ ቅር አሰኝቶናል።

ሁለተኛ፤ ይህንኑ ላመለክት ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ጸሐፊዎ በፊርማዎና በማኅተምዎ ያሸበረቀ፣ «በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኙ ሰባት የሕዝብ የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች» የሚል ዝርዝር ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለቡድኑ የመጀመሪያ ውድድር ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ወረቀቱን ለእህቴ ሳሳያት ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ሰባት? እኛ እኮ አንድ ይበቃን ነበር» አለችኝ። ከደንበኛዬ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ተውሼ፣ እህቴን ከፊት፣ ዊልቸሯንና ጋሽ ፊሽካን ከኋላ ጭኜ፣ ሰባቱን ሜዳዎች ፍለጋ ወጣን።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ሜዳው በብረት በሩ ቀዳዳ ሲያዩት ያምራል። ዘበኛው ዝርዝሩን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ «ልክ ነው፣ የሕዝብ ነው፤ ግን ለሕዝብ አይከፈትም» አሉን። ሁለተኛው በእርግጥ ክፍት ነው፤ ቁልቁለት ላይ በመሠራቱ ግን ኳሱም ዊልቸሩም ያለ ገፊ ወደ ታችኛው ቦይ ይሄዳሉ። በሦስተኛው አድራሻ የእንጨት መሸጫ አገኘን። ባለቤቱ አዛውንት ሳቁና «ልጆቼ፣ ሜዳ ብላችሁ ስትመጡ እናንተ አራተኛ ናችሁ፤ እኔ እዚህ እንጨት ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው» አሉን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። አራተኛው ምሰሶዎቹ ብቻ ቀርተው ልብስ ይሰጣባቸዋል። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ጊዜዎን አላባክንም።

ሰባተኛውን ግን እንዴት አልፈዋለሁ? መሬቱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ መስመሩ ነጭ፣ መረቡ አዲስ ነው፤ ሪባኑን የቆረጡትም እርስዎ ራስዎ ነዎት። እህቴ ከመኪናው መስኮት ባየችው ጊዜ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። ጋሽ ፊሽካ ደስታቸው ገንፍሎ ፊሽካቸውን ነፉ። ከዚያ መግቢያው ላይ ደረስን። ሞተር ብስክሌት እንዳይገባ ተብሎ ሦስት ወፋፍራም የብረት ምሰሶዎች በሲሚንቶ ተተክለዋል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ፤ ዊልቸሯ በምሰሶዎቹ መካከል ካለው ክፍተት በአራት ጣት ሰፍቶ አላልፍ አለ። አራት ጣት፣ ክቡር ሆይ! ለእኔ ዓይነቱ በያጅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እርስዎ ዘንድ ተመልሼ መሐለኛዋን ምሰሶ በነፃ አንስቼ በምትኩ የሚከፈትና የሚዘጋ እንድሠራ ፈቃድ ጠየቅሁ። «የጸደቀ ዲዛይን ለግለሰብ ተብሎ አይለወጥም» የሚለው መልስዎ በአምስተኛው ሳምንት ደረሰኝ። እህቴ ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችልኝና «ተወው ወንድሜ፤ ለእኔ ሲባል ከተማ አይሠራም» አለች።

ሦስተኛ፤ ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ፤ አልክድም። ያቺ ቃሏ እንቅልፍ ነሣችኝ። ሰፈራችን ውስጥ መንገዱ ሰፋ የሚልባት፣ መኪና የማያልፍባት አንዲት ጥግ አለች። ለምሰሶ ቱቦላሬ፣ ለሰሌዳው ላሜራ፣ ለቀለበቱ የማጠናከሪያ ብረት አጥፌ ቅርጫት ሠርቼ ተከልሁ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ስድስቱም ተጫወቱ። ሴቶች ወንበር እያወጡ ተመለከቱ፤ የጫማ ሰፊው ጎረቤታችን ሥራውን ትቶ ዳኛ ሆነ፤ ዳኝነቱን ጋሽ ፊሽካ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረው ተቃወሙ። እናታችን የቅርጫት ኳስ ሕግ ባታውቅም ኳስ በገባ ቁጥር፣ የማንም ይሁን የማን፣ እልልታዋን ታቀልጠው ነበር። እህቴ በሁለተኛው ቀን ከዊልቸሯ ጋር ተገለበጠች፤ ሁላችን ስንሮጥ «ማንም እንዳይነካኝ!» ብላ በክንዷ ተደግፋ ራሷ ቀና አለችና «ተነሳሁ!» አለች። ከአደጋው ወዲህ «ተነሳሁ» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያን ዕለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ደንብ አስከባሪዎችዎ ደረሱ። ለማመልከቻዬ አምስት ሳምንት የፈጀው መሥሪያ ቤት ለቅርጫቴ ሁለት ቀን ብቻ መፍጀቱን ሳይ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ የሚወራው ሐሜት ሐሰት መሆኑን ተረዳሁ። ወረቀቱ «ያለፈቃድ የቆመ ግንባታ» ይላል። ከሦስቱ ሰዎች ሸምገል ያለው የብረት መቁረጫውን እንደያዘ እህቴን አያትና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «እህቴ፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው» አላት። እሷም «አውቃለሁ። አንድ ብቻ ልወርውር» አለችው። መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ወረወረች፤ ሳተች። ሰውዬው ራሱ ሮጦ ኳሱን አመጣላት፤ «ይችኛዋ አልተቆጠረችም» አላት። ደግማ ሳተች። አለቃው በስልክ ሲጮህበት «ጨርሻለሁ ጌታዬ» እያለ ለሦስተኛ ጊዜ አቀበላት። ገባላት። ማንም አላጨበጨበም፤ እናታችን እንኳ እልል አላለችም። ከዚያ ቆረጡት፤ ምሰሶው ሲወድቅ ድምፁን ስድስቱም ሰሙት።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ከዚህ በኋላ አይሆንልኝም። እህቴ ያን ዕለት ክፍሏ ከገባች አምስት ሳምንት ሆናት። መጋረጃው ተመልሶ ወርዷል። ሌሎቹ አምስቱ በር ድረስ መጥተው ተመልሰዋል። ጋሽ ፊሽካ እንደ ድሮው ከመስኮቷ ሥር አነጠሩ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አነጠሩ፤ ማንም አልተቆጣቸውም። እኚያ ሰው ኳሱን አቅፈው ደረጃችን ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አየሁ። ውድድሩ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እኔ ብረት ከብረት አጋጥማለሁ፤ የሰው ልብ በምን እንደሚበየድ ግን አላውቅም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስላቁን እዚህ ላይ ልተወውና እንደ ሰው ልለምንዎት፤ ያቺን የሰባተኛውን ሜዳ መግቢያ አንዲት ምሰሶ ያንሱልን። ስድስቱን ሜዳዎች ለዝርዝርዎ ጌጥ ያስቀሩዋቸው፤ አንዷን ብቻ ለእኛ።

ወንበርዎ የጸና፣ መንገድዎ የተደላደለ፣ በርዎ ሁልጊዜ ከትከሻዎ የሰፋ ይሁንልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ያለፈቃድ ገንቢው በያጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ማውጣቴ ለክብርዎ ተቆርቋሪነት ጎድሎኝ አይደለም። ትናንት መዝገብ ቤትዎ ላስገባ ብሄድ፣ አቤቱታ የሚቀበሉት አራተኛ ፎቅ መሆኑን፣ አሳንሰሩ መበላሸቱን፣ ደንቡም «ተበዳይ በአካል ካልቀረበ አቤቱታው አይታይም» እንደሚል ነገሩኝ። ማታ ለእህቴ በመጋረጃዋ በኩል ይህንኑ ነገርኋት። «አቤቱታው ለስድስታችንም ነው ወይስ ለእኔ ብቻ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለስድስታችሁም አልኋት። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስድስቱም ከነዊልቸራቸው በሕንፃዎ በር ይገኛሉ፤ ደንቡን ማክበር ግዴታችን ነውና። እርስዎ ደግሞ አራት ፎቅ ተሸክሞ የሚያወጣቸው ሰው ያዘጋጁ፤ ወይም አንድ ጊዜ እንኳ ወርደው ያነጋግሯቸው።