የትኞቹን ሁለት ይግዙ?

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2010

«ያሉት አምስት ናቸው፤ የምንገዛው ሁለት ነው» አለኝ ሰውየው በስልክ፤ በግ የሚመርጥ ነው የሚመስለው። ስሙ ዮናስ ነው። የሚሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የጌም ሳጥን የሚገጣጥም አዲስ ኩባንያ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ተሠርቶ አልቋል። የራሱ ጌም ግን የለውም። «ባዶ ሳጥን ማን ይገዛልናል?» አለ። ስለዚህ ጌም የሚሠሩ ልጆችን ከነስቱዲዮአቸው ገዝተው አንድ ሕንፃ ውስጥ ሊሰበስቧቸው ነው።

እኔን ከየት አገኘኝ? ስለ አገር ቤት ጌሞች ኢንተርኔት ላይ የምለጥፈውን ሲያነብ ከርሟል። «ሐረር ኮምፒውተር የምታስተምር፣ ማንንም የማታሞግስ» ብለው ነገሩኝ አለ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። እስከ ሐሙስ ሪፖርቱን እልካለሁ ብያለሁ።

ዝርዝሩ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ።
አዲስ አበባ፦ እግር ኳስ። ያምራል፤ ግን ከውጭዎቹ የተቀዳ ነው።
አዳማ፦ የታክሲ። ረዳቱ ሲጮህ ያስቃል።
መቀሌ፦ የፊደል እንቆቅልሽ። ለትምህርት ቤት ይሆናል።
ባሕር ዳር፦ የታንኳ ውድድር። ውኃው ድንቅ፤ ጌሙ ግን ገና ግማሽ።
ድሬዳዋ፦

አምስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ድሬዳዋ ማለት ነቢል ነው። ዮናስ ይህን አያውቅም።

ማክሰኞ

እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

የድሬዳዋውን ጌም ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በነቢል እናት ቤት ፎቅ ላይ የጀመርነው ሁለታችን ነን። እሱ ኮዱን፣ እኔ ሥዕሉን። በጌሙ ለእህቷ ሠርግ ስፌት የተሸከመች ልጅ አምስቱ የጀጎል በሮች ሳይዘጉ ቅጥሩ ውስጥ ካለው ቤቷ መድረስ አለባት። ጠባቡን መንገድ ሁሉ እየዞርን የሳልኩት በእጄ ነው። እሱ የእግር ኮቴ ይቀዳል። አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ የእኔን ኮቴ ቀድቶ «የልጅቷ ይኼ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በእኔ እግር ነው የምትሄደው።

ከሦስት ዓመት በፊት ድሬዳዋ ክፍል አገኘ፤ መብራት የማይጠፋበት፣ ኔትም ያለበት። «ነይ» አለኝ። አባዬን ስትሮክ የመታው በዚያው ወር ነበር። ጥዬው የት እሄዳለሁ? ነቢል ደጋግሞ ሲለምነኝ ተናደድኩና «ጌሙንም ይዘኸው ሂድ!» አልኩት። ይዞት ሄደ። ሰው የተናገሩትን ይሰማል እንዴ!

ዛሬ በርበሬ ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ ከነቢል እናት ጋር ተገናኘን። ስማቸው ነፊሳ ነው፤ እኔም እንደ ልጆቻቸው «አይ» እላቸዋለሁ፤ በሐረሪኛ እናት ማለት ነው።

«ጠፋሽ ልጄ! አባትሽስ?»
«ደኅና ነው አይ፤ እርስዎስ ደኅና ነዎት?»
«አልሐምዱሊላህ። ልጄ ጁምዓ ጁምዓ ይመጣልኛል። ድሬ ቅርብ ነው፤ አላህ ቅርብ አደረገልኝ።»

ድሬዳዋ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አዲስ አበባ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ኩባንያው ከገዛው ጁምዓ ቀረ ማለት ነው። የእሳቸውም፣ የእኔም። የእኔ ጁምዓ ምንድን ነው? ዓርብ ዓርብ በጀጎሉ ሸዋ በር በኩል የምሄድበት ጉዳይ አይጠፋኝም። አንዳንዴ ነቢልን ከድሬ ሲገባ አገኘዋለሁ። «ሰላም ነሽ?» «ሰላም ነኝ።» ያችው ናት። ለሦስት ዓመት በእሷ ኖሬአለሁ።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ሪፖርቱን ጻፍኩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አለቀ። አንደኛ አዳማ፣ ሁለተኛ አዲስ አበባ። ድሬዳዋን አራተኛ አደረግኩት። ምክንያት፦ «ቡድኑ የጀመረውን አይጨርስም።»

ውሸት ነው። ነቢልና ሁለት ጓደኞቹ ጌሙን ጨርሰውታል። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።

ልልከው ስል ኔት የለም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ሐኪም ጋራ ሥር ያለነው ሰዎች ውኃ የሚመጣበትን ሰዓት እንደ ሙሽራ ነው የምንጠብቀው። ሁለት ጀሪካን ሞላሁ፤ ድል ነው።

ስመለስ አባዬ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል። ግራ እጁ አይታዘዝለትም፤ በቀኙ የታክሲውን ይነዳል። ረዳቱ ሲጮህ ይስቃል። ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም። ትንሽ ቆይቶ ሰለቸውና የድሬዳዋውን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ አፈጠጠ።

«አባዬ፣ እራት ቀርቧል።»
«ቆይ፣ ልጅቷ በር ሊዘጋባት ነው።»

ተዘጋባት። እንደገና ጀመረ። ወጡ ቀዘቀዘ። አባዬ ወታደር ሆኖ ከጎጃም ከመጣ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ይህን ከተማ በእግሩ ያውቀዋል። አሁን ግን ከደጃችን ወዲያ አይወርድም። አንድ ቦታ ላይ «በዚህ በኩል ቅመም የሚወቅጡ ሴቶች ነበሩ» አለኝ፤ እኔ የሳልኩት ግድግዳ ላይ ጣቱን አድርጎ። የት እንደደረሰ አየሁ። ጀጎል ገብቷል።

ሰሃኖቹን አነሳሁ። ፊቴን እንዲያይ አልፈለግኩም።

ሐሙስ

ሪፖርቱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ከክፍል ወደ ክፍል ስሮጥ፣ በእረፍት፣ በምሳ ሰዓት።

የጻፍኩት በአጭሩ፦ ሳጥኑን ሱቅ ውስጥ የሚያሸጥላችሁ የአዳማው ታክሲ ነው፤ ማንም በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል፤ ውሰዱት። የአዲስ አበባውን እግር ኳስ ተዉት፤ ከውጭ የመጣውን የለመደ ሰው ቅጂውን ብሎ ሳጥን አይገዛም። ድሬዳዋን ግን አንደኛ አድርጉት። የተገዛ ሳጥን አቧራ የማይጠጣው እንዲህ ያለ ጌም ሲኖረው ነው። ደግሞ የምትገዙት ጌሙን ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹን ነው። ከቻላችሁ ካሉበት አታንሷቸው፤ ጀጎልን አዲስ አበባ ሆኖ የሚሠራ ሰው ኮቴውን ከየት ያመጣል?

መጨረሻ ላይ «ይህን ጌም ከነቢል ጋር የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ፍርዴን በዚሁ መዝኑት» ብዬ ጨመርኩ። ላክሁት።

ዮናስ በአሥራ አንድ ሰዓት መለሰ። «ስለነገርሽን እናመሰግናለን። ሪፖርት ያስጻፍናቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ድሬዳዋን አንደኛ አድርገውታል። ስለ ቦታው ግን አልጠየቅንሽም፤ ሁሉም እዚህ ይመጣል።»

ዓርብ

በሸዋ በር በኩል አልሄድኩም።

ፈተና አረምኩ። አርባ ሁለት ወረቀት። አንዱ ተማሪ «ኮምፒውተር ምንድን ነው?» ለሚለው «የሚናፍቅ ዕቃ» ብሎ ጽፏል። ምን ሊል ፈልጎ እንደሆነ አልገባኝም። ግማሽ ሰጠሁት።

ቅዳሜ

ነቢል ደወለ። ለሦስት ዓመት ደውሎ የማያውቅ ሰው።

«ቲጂ፣ ከአዲስ አበባ ደወሉልን። ማክሰኞ ለውል ኑ ብለዋል። እኛንና አዳማዎቹን።»
«እንኳን ደስ ያለህ።»
«አቦ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»
«ጉንፋን ነው።»
«ነገ እመጣለሁ። አባትሽን ሳልሰናበት አልሄድም።»

አባትሽን። እሺ።

ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ መጣ። ሙዝና ብርቱካን ይዟል። በቅርብ ሳየው ከስቷል፤ ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል። አባዬ እንዳየው «ያቺ ልጅ በሰንጋ በር በኩል ለምን አታልፍም? ቅርቡ እሱ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ነቢል ሳቀ፤ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው። ስለ በሮች ሲከራከሩ አንድ ሰዓት አለፈ።

ልሸኘው ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ነገርኩት። ሪፖርት ከጻፉት አንዷ እኔ እንደሆንኩ፣ መጀመሪያ አራተኛ እንዳደረግኩት፣ የጀመረውን አይጨርስም እንዳልኩ። ሁሉንም።

ቆመ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ከተማውን ቁልቁል አይቶ፣
«ለምን?» አለ።
«እንዳትርቅ።»

ወጣልኝ። እንዲህ ቀላል ቃል ነበር እንዴ?

ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ፣ «እኔ ብሆን ሁለተኛውን ሪፖርት እጽፍ ነበር ብለሽ ነው? ወላሂ አልጽፍም ነበር። የመጀመሪያውን ልኬ ቁጭ እል ነበር» አለ። ቀልድ ነው እንዳልል ዓይኑ አይስቅም።

«ውሉ ላይ ሥዕል የሚሠራ አራተኛ ሰው እጠይቃለሁ» አለኝ ባጃጁ ሲመጣ። «ስምሽን ልስጥ?»
«አባዬስ?»

ጥለሽው ነይ አላለኝም፤ በዚያ ወደድኩት። «እስከ ማክሰኞ አስቢበት» ብሎ ገባ። ባጃጁ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት።

ቤት ስገባ አባዬ ብርቱካን በአንድ እጁ ሊልጥ ይታገላል። ተቀበልኩት።

«አዲስ አበባ ሊሄድ ነው?»
«ይመስለኛል።»
«አንቺስ?»
«እኔ ምን?»
«እህትሽ ሮማን ጅጅጋ ከተዳረች ወዲህ ‹አባዬ እኔ ጋ ይክረም› እንዳለች ነው። የማልሄደው አንቺ ብቻሽን እንዳትሆኚ ነበር።»

አየሁት። እኔ እሱን ስጠብቅ፣ እሱም እኔን ሲጠብቅ ነው ለካ የኖርነው። ብርቱካኑን ፈልቅቄ ሰጠሁት።

ልብስ ሳሰጣ ለእህቴ ደወልኩ። ስለ ልጆቿ ጠየቅኩ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ባሏ ሥራ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣
«አባዬ አንቺ ጋ ቢመጣ ክፍሉ ደረጃ አለው?» አልኳት።
«የለውም። ምድር ቤት ነው። ምነው?»
«ዝም ብዬ ነው።»
«ዝም ብለሽስ አይደለም» አለች ሮማን፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። «ንገሪኝ።»

ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ብዬ መናገር ጀመርኩ።