በግራ በኩል ያለው ድምፅ

ለውዷ እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ነው የምትሄጂው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። እኔ ብቻ ሰሞኑን መቀመጫዬ እሾህ ሆኖብኛል፤ ተቀመጥኩ ስል እነሳለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ጀምሬ ትቼው ነበር።

ነገሩ የኮምፒዩተር ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ መሥሪያ ቤቱ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ይልክልኛል፣ እኔ እየሰማሁ በጽሑፍ እገለብጣለሁ። ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ሲንቀራፈፍ ባለቤቴ ሊኑክስ የሚሉትን ቀለል ያለ ሥርዓት ጭኖበት ነፍስ ዘርቶበት ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ማሻሻያ ጭኜ ብከፍተው ድምፁ እልም አለ። ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ወይ ፍንክች። ባለቤቴ “አንቺ ነሽ የነካካሽው” ቢለኝ፣ “ታዲያ ማን ሊነካካው ኖሯል” አልኩት።

ለመሥሪያ ቤታችን ቴክኒሻን ደወልኩ። ረጋ ያለ ሰው ነው። ድምፁ በየት በኩል እንዲወጣ እንደተመረጠ እዪልኝ አለኝ። ለካስ ማሻሻያው ድምፁን ወደ ስክሪኑ ልኮት ኖሯል፤ የእኛ ስክሪን ደግሞ ድምፅ የሚያወጣበት አፍ የለውም። ወደ ድምፅ ማጉያው መለስኩት። ባለቤቴ ከጓዳ “ኧረ ቀንሺው፣ ጎረቤት ምን ይላል” እያለ ወጣ። እኔ ገና ከፍ እያደረግሁት ነበር።

ከዚያ ለሥራ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። በግራ በኩል ምንም የለም። ዘንድሮ ይህ ሁለተኛ ማዳመጫዬ ነው፤ የፊተኛውንም ግራው ደከመ ብዬ ነው የጣልኩት። ቴክኒሻኑ ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚያሰማ መሞከሪያ የት እንዳለ በስልክ ነገረኝ። ቀኙን ስጫነው ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ግራው ዝም። ስክሪኑ ላይ የሁለቱ የድምፅ መጠን ግን እኩል ነው። “እንግዲያው ማዳመጫውን አገላብጠሽ አድርጊው፤ ጥፋቱ የሱ ከሆነ ዝምታው ወደ ቀኝ ጆሮሽ ይዞራል” አለኝ።

አገላበጥኩት። ቅድም ዝም ያለው አሁን በቀኝ ጆሮዬ እንደ ደወል ጮኸ። ቅድም የሰማሁት ደግሞ ወደ ግራ ሲዞር ጠፋ። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ እትዬ። ቴክኒሻኑ “እህስ፣ ምን ሆነ?” ሲለኝ፣ “ተስተካክሏል፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ለባለቤቴም ያንኑ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይ እሱ በቀኜ በኩል እንዲሆንልኝ ቦታ ቀይሬያለሁ። ለምን ቢለኝ፣ ብርሃኑ እዚህ ይሻለኛል አልኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አንቺ ግን አትረሺውም። የአባባ ጆሮ መድከም ሲጀምር የቀደመው የትኛው ነበር? ሁለተኛውስ እስኪከተል ምን ያህል ቆየ? ለባለቤቴ ደውለሽ እንዳትነግሪው አደራ፤ ለእኔው ጻፊልኝ።

ዕድሜና ጤና ከነልጆችሽ ይስጥልኝ። ቤትሽ ሳቅ አይጉደልበት።

ታናሽሽ