የይሄይስ ኮርቻ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለማስተዋል ካሳው፣

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። ሰው አስይዘሽ የላክሽልኝ ደብተር መስመሩ እጅግ ጠባብ ነው። የእኔ «ጨ» ብቻዋን ሁለት መስመር ትፈልጋለች፤ አንቺ ደግሞ በዚህ የጉንዳን መንገድ ላይ «በየቀኑ ሦስት መልካም ነገር ጻፍ» ትይኛለሽ። ሽፋኑም ነጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆዳ ሲያለፋና ክር በሰም ሲያሽ ለሚውል ሰው ነጭ ደብተር መላክ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ኖርዌይ ድረስ ሄደሽ ሁለተኛ ዲግሪ የምትማሪው ስለ ሰው ደስታ ከሆነ፣ መጀመሪያ ስለ አጎትሽ ደስታ ብታስቢ ምናለበት?

ክሴ አበቃ። አሁን ልጠይቅሽ፤ እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱንስ ቻልሽው? በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል ያልሽውን ለአክስትሽ ለማሪቱ ባነብላት ሦስት ቀን ሙሉ ስታማትብ ሰነበተች፤ በረዶውንም በአገውኛ ረገመችው። ምግቡ ይስማማሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? በእኛ በኩል ፈረሱም፣ ላሚቱም፣ አክስትሽም ደኅና ናቸው፤ አክስትሽን ከላሚቱ በኋላ መጻፌን ግን አደራ እንዳትነግሪያት። በስልክ ያላወራሁሽ ኔትወርኩ መጣሁ ብሎ ስለሚቀር ብቻ አይደለም። የማጫውትሽ ነገር ጮክ ተብሎ የሚወራ ስላልሆነ ነው።

መጠይቅሽን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። «አዎንታዊ ሥነ ልቦና ማለት ሰው ምን እንደሚያሳምመው ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያጸናው የሚጠይቅ ትምህርት ነው» ብለሽ መግቢያው ላይ የጻፍሽው ደስ ብሎኛል። መመረቂያ ጽሑፍሽ ስለ ይቅርታ መሆኑን ሳነብ ግን ወንበሬን ከጠረጴዛው ራቅ አደረግኩ። «የበደለኝን ሰው ይቅር ብያለሁ» ይልና ከአንድ እስከ ሰባት ካሉት ቁጥሮች አንዱን አክብብ ይላል። ዜሮ የለውም። እኔ ከአንዱ በስተግራ ዜሮ ጽፌ እሷን አከበብኩ። ለመምህርሽ ንገሪልኝ፤ መለኪያው ለእኛ አገር ቂም አልበቃም።

ደብተሩን አልሞላህም እንዳትይኝ። የታኅሣሥ ዐሥራ ሁለቱን ልገልብጥልሽ። አንደኛ፣ የይሄይስን አውራ ዶሮ ሽለምጥማጥ በላው። ሁለተኛ፣ ይሄይስ ከግምጃ ቤት ገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተበላሽቶ እየገፋ ከተማ ገባ። ሦስተኛ፣ ይሄይስን ጥርሱን አመመው። በማግስቱ ያለው ገጽ ባዶ ነው፤ ይሄይስ ደኅና ውሎ ነበር። በእውነት ይሄ ልምምድሽ ፍቱን ነው። በሁለተኛው ሳምንት የምግብ ፍላጎቴ ተከፈተ። ጤና ጣቢያ ግፊቴን የለካችኝ ልጅ ደግሞ «አባባ፣ የጎረምሳ ግፊት ነው ያለዎት» አለችኝ። ቂም ለጤና ይጠቅማል ብለሽ ጻፊ። ስሜን ግን አትጥቀሺ።

የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይተርቱብኛል። «አባ፣ እኔ ሳል የለብኝም» አልኳቸው። ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና ስግደቴን እጥፍ አደረጉት።

አንቺ ይሄይስን ይቅር ብዬዋለሁ ብለሽ ጽፈሻል። ያ ያንቺ ነው፤ እኔ አልፈረምኩበትም። ያን ቀን ዓይንሽ በእንባ ተጋርዶ ነበር፤ እኔ ግን ሁሉንም አይቻለሁ። በአባትሽ ለቅሶ ላይ ፈረሱ እንደ ወጉ ተጭኖ፣ ጋሻው በኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሜዳውን ሊዞር ሲል «ልጓሙን የሚይዝ ወንድ ልጅ የለውም» ተባለ። ያን ጊዜ ልጓሙን አንስቼ በእጅሽ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ዐሥር እርምጃ እንኳ አልሄድሽም። ይሄይስ ከፈረሰኞቹ መካከል ወጥቶ «የካሳው ፈረስ በሴት ይሳባል እንዴ?» ብሎ ከእጅሽ ነጠቀሽ። ያ ሁሉ አገር እያየ! ከኋላ ተከትለሽ ስትዞሪ ጣቶችሽ እንደተጨበጡ ነበሩ፤ ልጓሙ አሁንም በውስጣቸው ያለ ይመስል። እኔም ዝም አልኩ። በለቅሶ መካከል ጠብ ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት። ይኸው አራት ዓመት ሆነው፣ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ከሚያንገበግበኝ ግማሹ የገዛ ዝምታዬ ነው። ነገር ግን ሰው ራሱን ከፈረስ ሊጥል አይችልምና ይሄይስን ለመጣል ቆረጥኩ። እስከ ዛሬ በጥቃቅኑ ነበር የማጽናናው። የማኅበር ተራዬ ሲደርስ ለእሱ ጠላውን ከሥሩ፣ ከአተላው በኩል እቀዳለታለሁ። በዕድር ስብሰባ «ነጭ ነው» ካለ «ጥቁር ነው» እላለሁ፤ አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት የራሴን ሐሳብ ተቃውሜ አስጥያለሁ።

ኅዳር ላይ ግን ዶሮዋ ራሷ ወደ ቢላዋው መጣች። ጥር ሃያ ሦስት ለፈረሰኞች በዓል ፈረሰኛው ሁሉ እንጅባራ ስለሚሰበሰብ ይሄይስ አዲስ ኮርቻ ፈለገ። የጥሊሊው ኮርቻ ሰሪ ዓይኑ ደክሞ መስፋት አቁሟል። ማንም ሳያስተምረኝ፣ የአያቴን አሮጌ ኮርቻ ፈታትቼ እየገጠምኩ ሥራውን በመልመዴ «የቆሻሻ ክምር ምሩቅ» እያለ ሲቀልድብኝ የኖረ ሰው፣ ደጄ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ «ደርበው ወንድሜ፣ እንዳንተ የሚሰፋ የለም» አለኝ። እኔም በጥርሴ እየሳቅሁ «ለአንተማ ለማንም ያልሠራሁትን ነው የምሠራልህ» አልኩት። አልዋሸሁትም።

ይህን ማሪቱም አታውቅ። ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያጣብቀውን ጠፍር፣ ጨርቁ በሚሸፍነው በውስጡ በኩል፣ ሁለት እጁን በስለት ከፍዬ አንድ እጁን ብቻ ተውኩት። ክፍተቱን በሰም ደፈንኩት፤ እኔ ራሴ ካልዳሰስኩ አላገኘውም። ፈረሱ በእርምጃ ሲሄድ ይይዛል። በሶምሶማም ይይዛል። ሽምጥ ሲለቀው ግን፣ ልክ ሕዝቡ ፊት ሲደርስ፣ ይሄይስ ኮርቻውን ታቅፎ መሬት ላይ ይቀመጣል። ሜዳው ሣር ነው፤ አይሞትም ብያለሁ። በእሱ ዕድሜ ከሽምጥ ወድቆ አይሞትም ያለኝ ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ጠፍሩን ከቆረጥኩ ወዲህ እያፏጨሁ ነው የምሠራው። አንድ ነገር ብቻ ቆረቆረኝ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከእጄ የወጣ ጠፍር ተበጥሶ አያውቅም። ያም ቢሆን፣ አንድ ጠፍር ለካሳው ልጅ ቢበጠስ ይበጠስ አልኩ። ይህንንስ መለኪያችሁ ስንት ይለዋል?

እንግዲህ ሰላምታ። እናትሽ ደጊቱ ዳንግላ ደኅና ናት፤ እሑድ ሄጄ አይቻታለሁ። «ደስታን ተምራ ስትጨርስ ትዳር ትያዝ» ብላሻለች፤ እኔ የለሁበትም። ማሪቱ ጉንጭሽን ሳምልኝ ብላኛለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ስላልገባኝ አንቺው ራስሽን ሳሚልኝ። በርበሬውንና ሽሮውን ለመልእክተኛው ሰጥታለች። አብራሽ ለምትኖረው ለፀደይ «እህቴን አደራ» በይልኝ፤ እህቴ ያልኩት አንቺን ነው፣ እርጅናዬን ለመደበቅ። ለመምህርሽም ደግሞ... ቆይ፣ በር ተመታ።

ማስተዋል፣ ይህን ቆሜ ነው የምጽፈው። የመጣችው የይሄይስ ትልቋ ልጅ ስሜነሽ ናት። ለጥምቀት ታቦት ሲሸኝ አባቷን ጉልበቱን ይዞት ከዚያ ወዲህ እርካብ መርገጥ አልቻለም። «ወንድም የለኝ፤ ፈረሳችን ከሚቀር እኔ ልጋልበው ብዬ ለመንኩት። ሁለት ቀን አኩርፎ ዛሬ ጠዋት እሺ አለኝ» አለችኝ እየፈነደቀች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ ደርሷል አይደል?» ብላ መልሴን ሳትጠብቅ ሄዳ ስፌቱን በጣቷ ትዳስስ ጀመር። ቀና ብላም «ሽምጥ ብለቀው ይይዘኛል?» አለችኝ።

ኮርቻውን ወደ ራሴ ሳብኩት። «አልደረሰም» አልኳት። «ኧረ ደርሷል፣ ይኸው እያየሁት!» አለች። «ጠፍሩ አላማረኝም፤ ቁጭ በይ» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ማሪቱ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። አሁን ሁለቱ ቅቅል ድንች እየላጡ ይሳሳቃሉ። እኔ የበሬ ቆዳውን አውርጃለሁ፤ ጠፍሩን ድርብ አድርጌ፣ ከዚህ በፊት ለማንም ባልሰፋሁት ስፌት እሰፋዋለሁ።

ይሄይስን ማረው ብለሽ እንዳትጽፊ! ፈረሱ ከኮርቻው ሥር የሚለብሰውን ጨርቅ፣ ግላሱን፣ በቀይና በቢጫ ክር እጠልፍላታለሁ፤ ከሩቅ ከፈረሰኛው ሁሉ ቀድማ እንድትታይ። ጥር ሃያ ሦስት ስታልፍ አገሩ «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ይጮኻል፤ ይሄይስም በከዘራው ተደግፎ ዳር ቆሞ፣ ሴት ልጁ ናት ተብሎ በሰው ሁሉ እጁን ይጨበጣል፤ እየተቃጠለም «አሜን» ይላል። እኔ ከጎኑ አልጠፋም፤ መዳፌ እስኪግል አጨበጭባለሁ። ሣር ላይ ከመውደቅ ይህ እንደሚብስበት እኔ አውቃለሁ። ስሜነሽ ድንቿን ጨርሳለች፤ ስቆርጥ የቆዳውን ጫፍ ወጥራ እንድትይዝልኝ ልጥራት።

አጎትሽ ደርበው
እንጅባራ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.