ወደ ኋላ የዞረው ቀስት

ውድ ወንድሜ ሙሀመድሰይድ፣

ስልኬን እንደማታነሳ ስለማውቅ ጻፍኩልህ። ስለ ጤናህና ስለ ሰመራ ሙቀት ብጠይቅህ ደስ ባለኝ፤ ግን ያንን ካስቀደምኩ ዋናውን ለመናገር ወኔዬ ይከዳኛል። ከጎብዬ በላይ፣ መታጠፊያው ላይ፣ መኪናህ የተገለበጠችው ባንተ እጅ አይደለም። በኔ እጅ ነው። እባክህ ሳትቀድደው እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ማክሰኞ ሔራን የምትባል ነርስ ጋራዤ መጣች። የያዘችው ነጯን መኪናህን ነበር። ከሸጥካት በኋላ በሁለት ሰው እጅ አልፋ እሷ ጋ ደርሳለች። ታርጋውን ሳይ ወዲያው አወቅኳት። ሔራን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የመንሸራተት መብራት መታጠፊያ ላይ እየበራ ስላስቸገራት የቁስል ፕላስተር ለጥፋበት ነው የምትነዳው። "ነርስ አይደለሽ፣ ፕላስተር እንደማያድን አታውቂም?" ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

"በቀደም በዝናብ መኪናዋ ዋጃ ጋ ልትጥለኝ ነበር" አለችኝ። "መሪውን ትንሽ ነው የነካሁት፤ ቀሪውን እሷ ዞረች።"

ሙሄ፣ ይህ ያንተ ቃል ነው። ከአደጋው በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርከው፣ አንድም ሳይጎድል።

ኳስ ሜዳው ላይ በዝግታ ክብ እየሰራች እንድትነዳ አደረግኩ። እኔ ጎኗ ተቀምጬ የመመርመሪያ ማሽኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጥሮቹን እከታተላለሁ። አንዱ ሴንሰር መሪው ወዴት እንደዞረ ይናገራል፤ ሌላው መኪናዋ ራሷ ወዴት እንደዞረች። ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ወደ ቀኝ ዞረች፤ መሪው ቀኝ አለ፣ ያኛው ግራ አለ። "ድገሚው" አልኳት። አሁንም ግራ። ወደ ግራ ስትዞር ደግሞ ቀኝ አለ። የተበላሸ ሴንሰር ዝም ይላል ወይም ይቀባጥራል፤ ይሄ ግን መጠኑን በትክክል ይናገራል፣ አቅጣጫውን በተገላቢጦሽ። መኪናዋ ይህን አምና ሹፌሩ ወደ ቀኝ መዞር ያቃተው ይመስላትና ልትረዳው የቀኙን ጎማ በፍሬን ትይዛለች፤ ያኔ ከሚፈለገው በላይ ትዞራለች። ቁልቁለትና ዝናብ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ።

ካምቢዮው አጠገብ ያለውን ፕላስቲክ ፈታሁት። ሴንሰሩ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ናት፤ አናቷ ላይ ወደ ፊት ማየት ያለበት ቀስት አለ። ቀስቱ የኋላውን ወንበር ያያል። ከታሰረችባቸው ሁለት ብሎኖች አንዱ የባጃጅ ብሎን ነው። በዚያ ብሎን ያሰርኳት እኔ ነኝ።

የሆርማት ወንዝ ጎርፍ መኪናዋ ውስጥ የገባ ጊዜ ምንጣፉን አንስተን ጭቃውን ስናጥብ ሁሉን ነገር ፈትቼው ነበር። ስመልስ ሳጥኗ አልገጥም አለች። የሠራት ሰው ወደ ኋላ ዞራ እንዳትገባ አድርጎ ነው የሠራት፤ እኔ ግን ቀዳዳውን በሞረድ አሰፋሁት። አንተ በስልክህ እያበራህልኝ "ለምንድን ነው እምቢ ያለችው?" አልከኝ። "አንተ መሪህን ያዝ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው" አልኩህ። "አብሽር" ብለህ ሳቅክ። በሦስተኛው ቀን አንድ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ ስትለኝ "እርጥበቱ ነው፣ ይደርቃል" አልኩህ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዘነበ።

አብሮህ ተሳፍሮ የነበረው የሚስትህ ወንድም ኢክራማ እግሩ ተሰብሮ፣ አገሩ ሁሉ "ደንግጦ መሪውን ጠመዘዘው" ሲልህ፣ ሽማግሌዎቹ እኔን ጠየቁኝ። "መኪናዋ ጤነኛ ናት" ብዬ መሰከርኩ። ያንን ብልጭታ ረስቼው ነበር ብልህ እዋሻለሁ። አስታውሼው ዋጥኩት። በወሩ ቆቦን ለቅቀህ ሄድክ፤ ይኸው ሁለት ዓመት የመጋዘን ዘበኛ ነህ፣ መሪ አትነካም አሉኝ።

የባሰውንም ልንገርህ። ሔራን ውጭ ቆማ በስልክ ስታወራ ቁልፍ አንስቼ ብሎኑን መፍታት ጀምሬ ነበር። አዙሬ ባስራት መብራቱ ይጠፋል፣ እሷም አመስግናኝ ትሄዳለች፣ ማንም አያውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ሊጠራ ሲል እንኳ ልሸፍነው ነበር። ድንገት በመስኮቱ ብቅ ብላ "ምን አገኘህ?" አለችኝ።

"የራሴን ብሎን" አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

ሐሙስ ኢክራማ ሱቅ ሄድኩ። ነግሬው ስጨርስ ከዘራውን አነሳ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ተደግፎት ቆሟል።

"ወላሂ፣ ስለ እግሬ አልነበረም የተቀየምኩት" አለኝ። "ዋሸኝ ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የእህቴን የሀሊሜን ባል ውሸታም ስለው እሷ እየሰማች ታለቅሳለች።" ከዚያ ከባንኮኒው ላይ እስክሪብቶ አቀበለኝ። "ጻፈው። ፈርምበት። እኔ ራሴ አደርስለታለሁ። መኪናዋንም አስተካክያለሁ ካልክ፣ እኔን ጭነህ ሰመራ ድረስ ንዳ።"

ሔራን መኪናዋን እስከ እሁድ ሰጥታናለች። የሚመጣው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ በዋሸሁበት ቦታ ቆሜ ቃሌን አነሳለሁ፣ የፈረዱብኝንም እቀበላለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም።

እንግዲህ አሁን ቀና በል። ይህን ወረቀት የሰጠህና ከዘራውን ተደግፎ ፊትህ የቆመው ኢክራማ ነው። የመኪናዋ ቁልፍ በእጁ ነው፤ ወደ ቆቦ ሲመለስ ካንተ በቀር ማንም እንዳይነዳው ምሏል። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ፊቴን ማየት ካልፈለግክ በአውቶቡስ እመለሳለሁ፣ አልቀየምህም። ቀስቱ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

አንተ መሪህን ያዝ።

ጌታሁን
ከቆቦ