ወይዘሮ ማዘንጊያ ዘገየ፣ ለደከመ እጅ ሥራ የሰጡ እናት

ወይዘሮ ማዘንጊያ ዘገየ ከአባታቸው ከአቶ ዘገየ ብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ውብነህ በ1966 ዓ.ም. ጭልጋ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1985 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። ካርቱም፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ለሰባት ዓመት በቤት ሠራተኛነት ሠሩ፤ አረብኛውንም የቤቱን ልጆች እያሳደጉ ለመዱት። በ1992 ዓ.ም. ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል በራዲያተር ብየዳ የሚተዳደሩትን አቶ በየነ ካሳን አግብተው ሳጃና ሰፈር ቤት ያዙ። ጥዑመልሳንንና ገሊላንም ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. የሰባት ዓመቷ ገሊላ ለትምህርት ቤት ስትለባብስ ድንገት ወደቀች። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። በሽታው የሽማግሌ ብቻ ይመስለን ነበርና ማመን አቃተን። እግሯ በሁለት ወር ተሻለው፤ ቀኝ እጇ ግን ደረቷ ላይ ታጥፎ ቀረ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዶክቶራ ሉጥፊያ የሰጧቸው ምክር ለእናት የሚከብድ ነበር፤ ደህናው ግራ እጅ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት በጓንት ይሸፈን፣ ልጅቷም በደከመው እጇ ትጫወት፣ ትብላ፣ ዕቃ ታንሳ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ጓንቱን ከፎጣ ሰፉ። ገሊላ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አለቀሰች።

አቶ በየነ “ልጄን አታሰቃዪብኝ፤ ፍቺላት!” ብለው ተቆጡ።

እሳቸውም “ዛሬ ብፈታላት ነገ ማን ያለብሳታል? ይልቅ ተቀመጥና አጫውታት” አሏቸው። ይህን ይበሉ እንጂ፣ ልጅቷ እንዳታያቸው ኩሽና ገብተው ያለቅሱ ነበር። ይህን የነገሩን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አቶ በየነ ሁለት ቀን አኩርፈው፣ በሦስተኛው ቀን ከጋራዥ ትልልቅ ብሎኖች አጥበው አመጡ፤ ገሊላ እያነሳች ቆርቆሮ ውስጥ እንድትጥል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጣቶቿ አንዱን ብሎን ያዙ። የወይዘሮ ማዘንጊያ እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። ዛሬ ገሊላ የምትጽፈው በግራዋ ነው፤ የልብሷን ቁልፍ ግን በሁለት እጇ ትቆልፋለች።

ወሬው ተሰማና ዛሂራ የምትባል የወሎ ልጅ፣ እንደ ገሊላ እጁ የደከመ ልጇን ኢክሪማን ይዛ መጣች። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ዶክቶራ ሉጥፊያን እያማከሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስበው ያለማምዱ ጀመር። በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ልጆች በዚያ ቤት አለፉ። የሁሉም እጅ እኩል አልተመለሰም፤ እሳቸውም ለማንም እናት ሙሉ በሙሉ ይድናል ብለው ቃል አልገቡም። ልጆቹን “ያላ፣ በሉ አንዴ ብቻ ድገሙት” ይሏቸው ነበር፤ አንዴው ግን አያልቅም።

በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ ተሰደደ። በመጠለያውም ሁለት ልጆች አግኝተው፣ ካልሲ ጓንት አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። ነሐሴ 2017 ካርቱም ሲመለሱ ቤቱ በር እንኳ አልነበረውም። ወለሉን ጠርገው ወደ እናቶቹ ደወሉ፤ ስድስቱ ስልክ አነሱ። በተከታዩ ቅዳሜ አራት ልጆች መጡ።

ኅዳር ላይ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ገሊላንና ዛሂራን ጠርተው “በለቅሶ ምክንያት ልጆቹን ከበር እንዳትመልሱ” ብለው አዘዙ። የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያለፈው ቅዳሜ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር፤ ልጆቹ መጡ፣ ገሊላም አስገባቻቸው።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡ ብርታቱን ይስጥ፤ ልታጽናኑን የመጣችሁትንም በሰላም ወደየቤታችሁ ይመልሳችሁ።